የቆየ ሞተር ሳይክል ዘይት አቀያየር፦ ከማፍሰሻው ብሎን እስከ ቴስታታው

ዘይቱ በሰዓቱ እየተቀየረለት ሞተሩ የሚሞት የቆየ ሞተር ሳይክል ብዙ ነው። ሲፈታ የሚገኘው ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ ከሥር ያለው ወንፊት ለዓመታት አልታጠበም፣ የዘይቱ ልክ በተሳሳተ መንገድ ተነቧል፣ አሊያም አዲስ የገባው ዘይት እስከ ቴስታታው (ከሲሊንደሩ በላይ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) መውጣቱን ያየ የለም። አሮጌ ዘይት አፍስሶ አዲስ መጨመር የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሌላውን ግማሽ ጭምር ይዟል፤ ደረጃ አይዝለሉ።

ለየትኛው ሞተር ነው

በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ አንድ ሲሊንደር ላለው፣ ከ100 እስከ 250 ሲሲ ለሆነ ባለ አራት ምት ሞተር ነው። በእነዚህ ሞተሮች ፒስተኑን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን የሚያለሰልሰው አንድ ዘይት ነው። ፍሪሲዮኑ የሚያራግፈው ብናኝና ከማርሽ የሚወጣው የብረት ድቃቂ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ ወደሚጠጣው ዘይት ይገባል ማለት ነው። ለዚህም ነው የዘይቱም የማጣሪያውም ነገር ከመኪና ይልቅ እዚህ ጥንቃቄ የሚፈልገው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር አይመለከተውም፤ እሱ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል፣ ካምቢዮውም የራሱ ዘይት አለው። ዘይቱ በፍሬሙ ቧንቧ ወይም በተለየ ታንክ የሚቀመጥ ሞተርም ማፍሰሻው ከአንድ በላይ ነው፣ የልክ አነባበቡም ይለያል። ለእሱ የራሱን የአምራች መመሪያ ይከተሉ።

ዝግጅት

ሞተሩን ከከፈቱ በኋላ ዕቃ ፍለጋ መውጣት የለብዎትም። እነዚህ አጠገብዎ ይሁኑ፦

- የሞተር ዘይት፤ ከሚያስፈልገው 200 ሚሊሊትር ያህል የሚተርፍ
- አዲስ የማፍሰሻ ሮንዴላ፤ አሉሚኒየም ወይም መዳብ፣ በአብዛኛው 12 ሚሊሜትር ለሆነ ብሎን
- ሞተሩ የወረቀት ፊልትሮ ካለው አዲስ ፊልትሮና የክዳኑ ኦሪንጎች (ክብ የጎማ ማሸጊያዎች)
- የቀኙን ክዳን የሚከፍቱ ከሆነ አዲስ ጋስኬት
- ለማፍሰሻው ብሎን በልኩ የሆነ ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ
- የሚሊሊትር ምልክት ያለው መለኪያ
- ቢያንስ 2 ሊትር የሚይዝ ሰፊ ማጠራቀሚያ
- ነጭ ጋዝ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ ትንሽ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪና ጓንት

የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ ወይም ፒንሳ አያምጡ። የማፍሰሻ ብሎን ጭንቅላት የሚከበው በእነሱ ነው።

ዘይቱን መምረጥ

ጠርሙሱ ላይ ሁለት ነገር ያንብቡ። አንደኛው ውፍረቱ ነው። አምራቹ የሚፈልገው ክዳኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ አለ፤ ለእንዲህ ያሉ ሞተሮች በብዛት የሚታዘዘው 10ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 ነው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ይናገራል። አየሩ ሞቃት ከሆነና ሞተሩ በአገልግሎት ብዛት ከላላ 20ደብሊው-50 ይስማማዋል። ብርድ በሚበረታበት ቦታ ግን ወፍራም ዘይት ጠዋት ሲነሳ ቴስታታው ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እዚያ 10ደብሊው-40 ይሻላል።

ሁለተኛው ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) ወይም ጃሶ ኤምኤ2 (JASO MA2) የሚለው የጃፓን የጥራት ደረጃ ምልክት ነው። ይህ ዘይቱ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ መሆኑን ያሳያል። ጃሶ ኤምቢ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን አይደለም። የመኪና ዘይት ላይ ባለው ክብ ምልክት ውስጥ "ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ" ወይም "ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ" የሚል ካዩ ይተውት፤ ነዳጅ እንዲቆጥብ የተጨመረበት አንሸራታች ቅመም የፍሪሲዮኑን ዲስኮች ያንሸራትታል። ጋዝ ሲሰጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም።

የተለያየ ዘይት መቀላቀል የሚፈራውን ያህል አይደለም። መንገድ ላይ ዘይት ካነሰና ያገኙት ውፍረቱ አንድ ሆኖ የሌላ አምራች ከሆነ ይጨምሩ። ሞተር የሚገድለው የዘይት ማነስ እንጂ የስም ልዩነት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ከማፍሰስዎ በፊት ይለኩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ነገር ግን ሞተሩ ስለ ራሱ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው።

1. ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የመሀል መቆሚያ ከሌለው አንድ ሰው ይያዝልዎት። በጎን መቆሚያ ተጋድሞ የተነበበ ልክ አይታመንም።
2. አስነስተው 3 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ያቆዩት፤ ከዚያ አጥፍተው ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጠብቁ።
3. ሞተሩ ላይ ያለውን የዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥተው ይጥረጉት፣ መልሰው ያስገቡት፣ አውጥተው ያንብቡ።

ስህተቱ የሚፈጠረው መለኪያው ሲገባ ነው። በብዙ የሆንዳ ሞተሮች መለኪያው ሳይጠመዘዝ ጥርሱ ላይ አርፎ ብቻ ይነበባል። በሌሎች እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ያነሰውን ሞልቷል፣ የሞላውን አንሷል ይላል፤ ጠቅላላው ዘይት 1 ሊትር በሆነ ሞተር ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት መመሪያ ከሌለ መፍትሔው ደረጃ 7 ላይ አለ።

ያነበቡትን ይጻፉ፤ ቀጥሎም ዘይቱን ያሽትቱ፣ በጣትዎ ያሹት።

- መጥቆሩ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የሠራ ዘይት ይጠቁራል።
- ከታችኛው መስመር በታች ከሆነ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ይቃጠላል። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ይፈልጉ።
- ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ልኩም ሳይጨመርበት ከፍ ካለ የካርቡሬተሩ መርፌ ቫልቭ እየለቀቀ ነው። ሞተሩን ዳግም አያስነሱ። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል። መጀመሪያ ካርቡሬተሩን ያሠሩ፣ ከዚያ ዘይቱን ይቀይሩ፤ ከዚያ ወዲያ በቆመ ቁጥር የነዳጁን መዝጊያ ይዝጉ።
- ነጣ ያለ ወተት መሰል ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳይግል እየጠፋ በአጭር አጭር መንገድ ከሚሠራ ሞተር፣ ከከባድ እጥበት ወይም ጎርፍ ከመሻገር ነው።

ደረጃ 2፦ ያሙቁት

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይንዱት ወይም ያስነሱት። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን አንጠልጥሎ ይወርዳል፤ የቀዘቀዘ ግን ቆሻሻውን ቋቱ ውስጥ ጥሎት ይወጣል። ረጅም መንገድ ሄዶ በተመለሰ ሞተር ላይ ግን ወዲያው አይሥሩ፤ ዘይቱም ማርሚታውም ያቃጥላል። እጅዎ ክዳኑ ላይ መቆየት ሲችል ይጀምሩ።

የላይኛውን የመጨመሪያ ክዳን አሁኑኑ ይፍቱት። አየር ሲገባ ዘይቱ ቶሎ ይወርዳል፤ ክዳኑ አልፈታ ብሎ ከተጣበቀም ሞተሩን ባዶ ካደረጉ በኋላ ሳይሆን አሁን ያውቁታል።

ደረጃ 3፦ ያፍስሱ

1. የማፍሰሻውን ብሎንና ዙሪያውን በብሩሽ ያጽዱ። ቡሶላው እስከ መጨረሻው ካልተቀመጠ ጭንቅላቱን ይበላዋል።
2. የሚያዞሩበትን አቅጣጫ ቆም ብለው ያስቡ። ብሎኑ የሚፈታው ጭንቅላቱን ፊት ለፊት ሲያዩት ከሰዓት ተቃራኒ ነው። ከላይ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ እየፈቱ የመሰላቸው እያጠበቁ ስንቱን የሞተር ጥርስ ጨርሰዋል። ካልተማመኑ መሬት ላይ ተጋድመው ከሥር ይዩት።
3. በአንድ ፈጣን ምት ያላሉት፣ ከዚያ በጣትዎ ወደ ላይ ገፋ አድርገው እየያዙ ይፍቱት። መጨረሻ ላይ በፍጥነት ወደ ጎን ያውጡት።
4. መንጠባጠብ እስኪጀምር ይጠብቁ፣ ከዚያ ሞተር ሳይክሉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ቁልፉ ጠፍቶ የእግር ማስነሻውን አራት አምስት ጊዜ በዝግታ ይርገጡ፤ ፓምፑና ቧንቧው የያዙት ይወርዳል። ከዚያ 10 ደቂቃ ይተዉት።
5. የወጣውን ዘይት በመለኪያ ይለኩ። 1 ሊትር ገብቶ 600 ሚሊሊትር ከወጣ 400 ሚሊሊትር የሄደበት ቦታ አለ።

የብሎኑን ጫፍና የማጠራቀሚያውን ወለል በማግኔትና በባትሪ ይመርምሩ። በጣት ሲታሽ የማይቆረቁር ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። የሚቆረቁር፣ በማግኔት የሚነሳ ስንጥርጣሪ ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ነው። ማግኔት የማያነሳው ብርማ ቅርፊት አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተን ወይም የሞተሩ አካል እየተፋቀ ነው። ጠቆር ያለ ክር መሰል ነገር ከፍሪሲዮን ዲስክ ነው። ቅርፊት ከበዛ አዲስ ዘይት አያድነውም፤ ሞተሩ መከፈት አለበት።

ብሎኑ እምቢ ካለ፦ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፣ ሞተሩን እንደገና ያሙቁ፣ ቡሶላው እንደተቀመጠ ጀርባውን በመዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉና ይሞክሩ። የቧንቧ ማራዘሚያ መጨመር የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ጥርሱ ተበልቶ ካገኙት፦ ትክክለኛው ጥገና በሄሊኮይል አዲስ የብረት ጥርስ ማስገባት ነው። ወፈር ያለና ራሱ ጥርስ የሚያወጣ ብሎን መክተት ለጊዜው ያሠራል፤ ነገር ግን በተፈታ በተጠበቀ ቁጥር አሉሚኒየሙን እየሰነጠቀ ይሄዳል። የቧንቧ ቴፕ መጠቅለልም መፍትሔ አይደለም። ቁርጥራጩ ሄዶ ወንፊት ላይ ይለጠፋል።

ደረጃ 4፦ ወንፊቱን ያውጡ

ወንፊቱ በፓምፑ አፍ ላይ ያለ የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው። እሱ ከተደፈነ ቋቱ በአዲስ ዘይት ቢሞላም ፓምፑ የሚጠባው የለውም። ቦታው እንደ ሞተሩ ይለያያል። በአንዳንዱ ከሥር ወይም ከጎን ባለ ትልቅ ክዳን ውስጥ ከሞላ ጋር ይቀመጣል፤ በሌላው የቀኙ የሞተር ክዳን ሲነሳ ከታች ባለ ስንጥቅ ውስጥ የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ወንፊት ነው።

ባለ ሞላ ክዳን ከሆነ በእጅዎ ደግፈው በዝግታ ይፍቱት፤ በሞላው ተገፍቶ ይፈናጠራል፣ ወንፊቱም ዘይት ውስጥ ይጠፋል። አወጣጡን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ክዳን፣ ሞላ፣ ወንፊት በምን ተራ፣ የወንፊቱ የትኛው ጫፍ ወደ ውስጥ እንደነበር ይታይ። ጠፍጣፋ ወንፊት ከሆነ ቀጭኑንና ወፍራሙን ጠርዝ ይለዩ፤ ተገልብጦ አይገባም፣ ተገዶ ከገባም ዘይቱ በጎኑ ያልፋል።

በነጭ ጋዝ ነክረው በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት። በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት። ብርሃን ላይ ያንሱት፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ መታየት አለበት። የተቀደደ ወይም ከጠርዙ የተላቀቀ ከሆነ አይመልሱት። ወንፊቱ ላይ እንደ ጎማ የሚለመጥ ቁራጭ ካገኙ ከዚህ በፊት ክዳን የዘጋ ሰው ያበዛው ሲሊኮን ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ ካዩ የቀረውም ውስጥ ስላለ የቀኙን ክዳን መክፈት ግድ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ፊልትሮው

የወረቀት ፊልትሮ ያለው ሞተር

ትንሿን ክብ ክዳን ሲፈቱ ሞላና ፊልትሮ ይወጣሉ፤ በየትኛው በኩል ሞላው እንደነበር ይመዝግቡ፤ በሞተሩ ወይም በክዳኑ በኩል ሊሆን ይችላል። የፊልትሮው አንዱ ጎን ክፍት ቀዳዳ አለው፣ ሌላው ድፍን ነው። በብዙ ፊልትሮዎች ላይ ወደ ውጭ የሚሆነው ጎን ምልክት ተጽፎበታል። ተገልብጦ የገባ ፊልትሮ ዘይቱን ይዘጋዋል፤ ሞተሩም ብዙ ሳይሄድ ይደርቃል።

ክዳኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ኦሪንግ አለ። ትልቁ ዘይት ወደ ውጭ እንዳይፈስ ነው፣ እሱን ሁሉም ያስታውሰዋል። ትንሿ የዘይቱን መተላለፊያ ቀዳዳ የምትከብ ናት፤ ከጠፋች ከውጭ አንዲት ጠብታ አይታይም፣ ግፊቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ያመልጥና ላይኛው ክፍል ይራባል። ሁለቱንም ይቀይሩ፣ ዘይት ቀብተው ያስቀምጡ።

በሽክርክሪት የሚያጣራ ሞተር

ብዙ የቆዩ 100 እና 125 ሲሲ ሞተሮች የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም። በቀኙ ክዳን ሥር፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ወይም በፍሪሲዮኑ ላይ፣ አብሮ የሚሽከረከር ክብ ዕቃ አለ። ዘይቱ በውስጡ ሲያልፍ ከባዱ ድቃቂ በሽክርክሪቱ ወደ ግድግዳው ይወረወርና እዚያው ይጋገራል። ዘይት ሲቀየር ይህ ግግር አይወጣም። ሲሞላ ግን የማጣራት አቅሙ ያልቃል፣ ቆሻሻውም በክራንክ ሻፍቱ ቀዳዳ አድርጎ የፒስተኑን ዘንግ የታች ኩሽኔታ ያገኘዋል።

በየዘይት ለውጡ መክፈት አያስፈልግም። መመሪያው የተለየ ካላለ በየ10,000 እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር፣ እንዲሁም ታሪኩን የማያውቁትን ሞተር ሲገዙ ይክፈቱት።

1. ዘይቱ እንደፈሰሰ የእግር ማስነሻውንና የፍሪሲዮኑን ገመድ ያላቅቁ።
2. የክዳኑን ብሎኖች ሲፈቱ በካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩት። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል።
3. ክዳኑ ከተጣበቀ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ይምቱ። ካቻቢቴ በመጋጠሚያው መሀል አይክተቱ፤ የጫረበት ቦታ ለዘለዓለም ያፈስሳል።
4. የማጣሪያውን ክዳን የያዙትን ሦስት ወይም አራት ካቻቢቴ ብሎኖች በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ፣ አጥብቀው ተጭነው ይፍቱ።
5. ግድግዳውን ጨርቅ በጠቀለሉበት እንጨት ይጥረጉ። ወደ መሀሉ ቀዳዳ ምንም እንዳይገፋ ይጠንቀቁ፤ ያ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታው ይወስዳል። የአየር መንፊያም አይጠቀሙ።
6. በአንዳንድ ሞተሮች ከክዳኑ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ዘይት የሚያስተላልፍ በሞላ የሚገፋ ትንሽ ቱቦ አለ። ከጨርቅ ጋር ተጠርጎ ሊጠፋ ይችላል። መኖሩን፣ ሞላውም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንደሚል ይፈትሹ።

ደረጃ 6፦ መዝጋት

አሮጌውን ጋስኬት ከሁለቱም ፊት በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱ። አዲሱን ከመለጠፍዎ በፊት በባዶው አስቀምጠው የዘይት ቀዳዳዎቹ ከጋስኬቱ ቀዳዳ ጋር መግጠማቸውን ይዩ። ገበያ ላይ ያለ ለሌላ ሞዴል የተቆረጠ ጋስኬት የዘይት ቀዳዳ ይሸፍናል። ሲሊኮን መጨመር ካስፈለገ ስስ ሽፋን ብቻ ይቀቡ፤ ወደ ውጭ የወጣው ይታያል፣ ወደ ውስጥ የወጣው ግን ወንፊት ይደፍናል።

የክዳን ብሎኖች 6 ሚሊሜትር ከሆኑ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል። በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለት ዙር ያጥብቁ። የማፍሰሻው ብሎን በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። የሚለካ ቁልፍ ከሌለዎት በጣትዎ ሮንዴላው እስኪነካ ያስገቡት፣ ከዚያ በአጭር ቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ይጨምሩ። በአዲስ ሮንዴላ ይህ ያሽጋል። ካፈሰሰ ሮንዴላውን ይመርምሩ እንጂ ብሎኑን አያሠቃዩት።

አንድ ልማድ አለ፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ሞልቶ ሞተሩን ለማጠብ ማስነሳት። አያድርጉት። ኩሽኔታዎቹ ያለ መከላከያ ይሠራሉ፣ ተፈትቶ የወረደው ግግር ቧንቧ ይደፍናል፣ የማይወጣው ቅሪትም አዲሱን ዘይት ያቀጥናል። ቆሻሻው ከበዛ በርካሽ ትክክለኛ ዘይት ሞልተው 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና ይቀይሩ።

ደረጃ 7፦ መሙላት

መጠኑ ብዙ ጊዜ በመጨመሪያው አጠገብ ሞተሩ ላይ ተጽፏል። ሁለት ቁጥር ካገኙ አይምታታብዎ፤ ትልቁ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሲገጠም፣ ትንሹ ለተለመደ ለውጥ ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት በለውጥ ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.2 ሊትር ውስጥ ይወድቃሉ።

ከታዘዘው 100 ሚሊሊትር ያህል ቀንሰው በመለኪያ ያስገቡ። አስነስተው 2 ደቂቃ ቆይተው ያጥፉ፣ 3 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፣ የቀረውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ወደ ላይኛው መስመር ያድርሱት። የመጀመሪያውን ማስነሳት ግን ደረጃ 8ን ካነበቡ በኋላ ያድርጉት።

መለኪያው ተጠምዝዞ ይሁን ሳይጠመዘዝ እንደሚነበብ ላላወቁ፦ አምራቹ የጻፈው ሙሉ ልክ ከገባ በኋላ በሁለቱም መንገድ ያንብቡ። ዘይቱን ላይኛው መስመር አካባቢ ያሳየው ትክክለኛው መንገድ ነው። በቀለም ክዳኑ ላይ ይጻፉት።

ለጥንቃቄ ብለው ከልኩ አያስበልጡ። ክራንክ ሻፍቱ የሚደርስበት ዘይት ይናጣል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። ትርፉ በመተንፈሻው ወደ አየር ማጣሪያው ይወጣል፣ ፓራሊዮ (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያሽግ የጎማ ቀለበት) ይገፋል። ከበለጠ በማፍሰሻው በኩል ይቀንሱ።

ደረጃ 8፦ ዘይቱ ቴስታታ መድረሱን ይዩ

ከሁሉም በላይ ይህን እንዳይዘሉ።

የቀኙን ክዳን ከከፈቱ ወይም ሞተሩ ለወራት ከቆመ ፓምፑ ደርቋል። ካንዴላውን ያውጡ፣ ቁልፉን ያጥፉ፣ የእግር ማስነሻውን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይርገጡ። ካንዴላው ሲወጣ ሞተሩ ጫና ስለሌለበት ፓምፑ ያለ ጉዳት ይሞላል።

ካንዴላውን መልሰው ያስነሱ፤ በሚኒሞ ብቻ፣ ጋዝ ሳይሰጡ። የሚያዩበት ቦታ እንደ ሞተሩ ነው።

- አንዳንድ ሞተሮች ቴስታታው ላይ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ የመፈተሻ ብሎን አላቸው። በመጠኑ ያላሉት እንጂ አያውጡት። በ1 ደቂቃ ውስጥ ዘይት ሲያዝ ይታያል።
- ሌሎች ላይ የቫልቭ ማስተካከያውን ክዳን ፈትተው በባትሪ ይመልከቱ። ደረቅ የነበረው ብረት መርጠብ፣ ዘይት መፈናጠር አለበት። ማርሚታው ላይ እንዳይወርድ ጨርቅ ይያዙ።

1 ደቂቃ አልፎ ምንም ካልታየ ወዲያው ያጥፉ። "ትንሽ ይቆይና ይመጣል" አይበሉ። በዚህ ተራ ይፈትሹ፦ የዘይቱ ልክ፣ ፓምፑ በማስነሻ መሞላቱ፣ የፊልትሮው አቅጣጫ፣ ትንሿ ኦሪንግ፣ ወንፊቱ፣ የጋስኬቱ ቀዳዳ፣ በመጨረሻም የፓምፑ ማርሽ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አሁን እርስዎ የነኳቸው ናቸው፤ ሠርቶ ለመጣ ሞተር ፓምፑ ዛሬ በድንገት ተበላሽቷል ብሎ መጀመር አያዋጣም።

ደረጃ 9፦ ዳግም ፍተሻ

10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይመለሱ። ከብሎኑ ሥር፣ ከፊልትሮው ክዳንና ከጋስኬቱ ዙሪያ ንጹሕ ወረቀት ያስነኩ። ልኩን እንደገና ያንብቡ፤ ቧንቧውና ፊልትሮው ስለጠጡ ጥቂት መውረዱ የተለመደ ነው። ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና ያስገቡትን መጠን ይጻፉ።

ሲበላሽ

በብዙ ቦታ በአንዴ ማላብ ከጀመረ፦ ጋስኬት ከመቀየርዎ በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ይመልከቱ። ቱቦው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ታጥፎ ከታፈነ በፒስተኑ ሥር ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ደካማውን ፓራሊዮ ይገፋል። ቱቦውን አውልቀው ይንፉበት፤ ያለ ችግር ማለፍ አለበት። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ፍተሻ ስንት ፓራሊዮ ያድናል።

ሰማያዊ ጭስ፦ መቼ እንደሚወጣ ይለዩ። ቆይቶ ሲነሳ ወይም ከቁልቁለት በኋላ ጋዝ ሲሰጥ ብቻ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው። በሸክምና በዳገት ሳያቋርጥ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ ወይም ሲሊንደሩ ነው። ወፍራም ዘይት ጭሱን ሊቀንሰው ይችላል፣ መበላቱን ግን አያቆመውም። እስኪሠራ ድረስ በየ300 ኪሎ ሜትሩ ልኩን ያንብቡ።

ፍሪሲዮኑ ከለውጡ በኋላ ማንሸራተት ከጀመረ፦ መጀመሪያ የገመዱን ልቅነት ያስተካክሉ። ካልዳነ ዘይቱን በጃሶ ኤምኤ ይቀይሩ። አንድ ለውጥ ሙሉ በሙሉ ላያጠራው ይችላል፤ ዲስኮቹ የጠጡት ቅመም እስኪወጣ ሁለተኛ ለውጥ ያስፈልግ ይሆናል።

ወተት መሰል ዘይት፦ ቀይረው ሞተሩ በደንብ እስኪግል 30 ደቂቃ ያህል ይንዱት፣ እንደገና ይዩት። ጎርፍ የገባበት ከሆነ ግን ሳያስነሱ ያፍስሱ፣ አዲስ ሞልተው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አስነስተው እንደገና ያፍስሱ፤ ንጹሕ እስኪወጣ ይደጋግሙት።

መቼ ይቀየራል

የአምራቹን ቁጥር ያክብሩ። እሱ ከሌለዎት፣ የወረቀት ፊልትሮ ለሌለው የቆየ ትንሽ ሞተር ከ2,000 እስከ 2,500 ኪሎ ሜትር ጥሩ ገደብ ነው። አቧራ፣ ከባድ ሸክም፣ አጭር አጭር መንገድ ካለበት ወደ 1,500 ያውርዱት። ፒስተንና ፋሻ አዲስ ከገባለት የመጀመሪያውን በ500 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ። ባይነዳም በ6 ወር አንዴ ይቀየር፤ ያረጀ ዘይት ውስጥ ያለው እርጥበትና አሲድ ቆሞም ብረት ይበላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ በነዳጅ ይቁጠሩ። በሊትር 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 50 ሊትር ሲያቃጥል 2,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ሊትሩን ስልክዎ ላይ ይደምሩ።

አሮጌውን ዘይት በከደኑት ዕቃ ያስቀምጡ፤ የተቃጠለ ዘይት ወደሚሰበስብ ቦታ ይውሰዱት እንጂ መሬት ወይም የውኃ መውረጃ ላይ አይድፉት። ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲቆይ ይጎዳል፤ ጓንቱን ሲያወልቁ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ በቤንዚን አይደለም።